«ራስሽ ጽፈሽ አምጪና ልፈርምልሽ»

ጥያቄው ከሰሜን ሸዋ ነው፤ የላከችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ለወጣት መሪነትና ለማኅበረሰብ አገልግሎት ለሚሰጥ የውጭ አገር ስኮላርሺፕ እያመለከትኩ ነው። ሁለት ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) ይፈልጋል፤ አንዱ ከመምህር፣ ሌላው አገልግሎቴን ከሚያውቅ ሰው። የፊዚክስ መምህሬን ስጠይቃቸው ‹ራስሽ ጽፈሽ አምጪና ልፈርምልሽ፣ እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል› አሉኝ። ለሁለተኛው አጎቴ የወረዳችንን የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ስለሚያውቃቸው ማህተም ያለው ደብዳቤ ያጽፍልኛል፤ እሳቸው ግን እኔን አያውቁኝም። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ሁለት ዓመት ቱቶሪያል ስንሰጥ አብራን የነበረችው የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ገበያ ሆኖ ልጆቹ ሲቀሩብን ወደ እሑድ ከሰዓት ያዞርነውም ከእሷ ጋር ተመካክረን ነው። ግን ያላት ዲፕሎማ ብቻ ነው። ማንን ልያዝ? ደብዳቤውን ራሴ ብጽፈውስ ምን ችግር አለው? የቀረኝ 19 ቀን ነው።»

ደብዳቤውን አትጻፊው። የላይብረሪ ሠራተኛዋን ያዢ። ኃላፊውን ደግሞ በአክብሮት ተዪያቸው።

ነገሩ የሚምታታው ከስሙ ጀምሮ ነው። እኛ አገር «የድጋፍ ደብዳቤ» ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ከቀበሌ ወይም ከመሥሪያ ቤት የሚወጣው ወረቀት ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል፣ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት እንጠይቃለን» ብሎ ያልቃል፣ ግርጌው ላይ ክብ ማህተም ያርፍበታል። ያ ወረቀት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህቺ ልጅ የእኛ ናት። ለብዙ ጉዳይ ይጠቅማል። ለስኮላርሺፕ ግን ምንም አይልም።

ልዩነቱን እንዲህ እዪው። ሥራ ስትቀጠሪ ዋስ አምጪ ትባያለሽ። ዋስ የሚመዘነው በደመወዙ ነው፤ ምን ያህል እንደሚያውቅሽ ማንም አይጠይቀውም። ፍርድ ቤት የሚጠራው ግን እማኝ ነው። እማኙ ሹም ይሁን ዘበኛ ዳኛው ግድ የለውም፤ «ነበርክ ወይ? ምን አየህ?» ነው የሚለው። ሪኮመንዴሽን የሚጽፍልሽ ሰው እማኝሽ ነው። አጎትሽ ደግሞ፣ ልቡ መልካም ቢሆንም፣ ዋስ እየፈለገልሽ ነው።

እኔ በማጣሪያ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ብዙ ፋይል አንብቤያለሁ። አንዴ የአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ የጻፈችው ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ደረሰን። ልጁ በክረምት በጎ ፈቃድ መጥቶ የተዘበራረቀውን የካርድ መደርደሪያ በፊደል ተራ እንዳስተካከለው ነው የምታወራው። «ከዚያ በፊት እናቶች ካርዳቸው እስኪገኝ እስከ ስድስት ሰዓት ይቀመጡ ነበር» የምትል ዓረፍተ ነገር ነበረችበት። ውይይት ላይ ሁላችንም ያቺን ዓረፍተ ነገር አነሳናት። እዚያው ፋይል ውስጥ የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ደብዳቤም ነበር። ምን እንደሚል ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የሴትየዋ ዲፕሎማ አያሳስብሽ። መመሪያውን ግን ደግመሽ አንብቢ። «አገልግሎቱን በኃላፊነት የተከታተለ ሰው» የሚል ከሆነ እሷ ናት፤ የክፍሉን ቁልፍ የምትይዘውና ስትመጡ የምትከፍትላችሁ እሷ እስከሆነች ድረስ። «የድርጅት ኃላፊ መሆን አለበት» የሚል ከሆነ ግን መከራከር አያዋጣም፤ ያኔ ርዕሰ መምህሩ ይጽፉና የእሷን ምስክርነት በስሟ ጠቅሰው ያስገቡታል። ዘመድ በአብዛኛው ክልክል ነው፤ አጎትሽ ራሱ ፕሮፌሰር ቢሆን እንኳ አይጻፍልሽ። አብሮሽ ያስተማረ የክፍል ጓደኛም ለዚህ አይሆንም። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መስጊድ ውስጥ ያገለገለ ልጅ የዚያን አስተባባሪ ቢይዝ ግን ነውር የለውም፤ ደብዳቤው ስለ ሃይማኖተኛነቱ ሳይሆን ስለሠራው ሥራ የሚያወራ ይሁን እንጂ።

ወደ መምህርሽ እንምጣ። ክፉ ሰው አይደሉም። በአንድ ክፍል ስልሳ ሰባ ተማሪ፣ በቀን አራት አምስት ክፍለ ጊዜ፣ ያውም በራሳቸው ቋንቋ ያልሆነ ደብዳቤ። «ጽፈሽ አምጪ» ማለት ዩኒቨርሲቲ ውስጥም የተለመደ ነው፤ ብዙዎች ሥራ ማቃለል እንጂ ማጭበርበር አይመስላቸውም። ቢሆንም ሦስት ችግር አለበት።

የመጀመሪያው፣ ብዙ ማመልከቻዎች ደብዳቤውን ራሱ እንደጻፈው ጸሐፊውን ያስፈርማሉ። ያን ጊዜ መምህርሽን ለሐሰት ምስክርነት እየዳረግሻቸው ነው። ነገሩ ከታወቀ ዕድሉ ከተሰጠሽ በኋላም ሊነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ይታወቃል። የአንቺ የማመልከቻ ድርሰትና የሁለቱ ሰዎች ደብዳቤ አንድ እናት የወለደቻቸው ሆነው ይመጣሉ፤ አንድ ዓይነት አገናኝ ቃል፣ አንድ ዓይነት ስህተት፣ አንድ ዓይነት የፊደል መጠን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በቻትጂፒቲ የተጻፉት በዝተዋል። ከጎጃምም ከሐዋሳም ከናይሮቢም የመጣው ደብዳቤ ስሙን ብቻ ቀይሮ አንድ ነገር ይላል። አንባቢው ላያስወጣሽ ይችላል፤ ደብዳቤውን ግን እንደሌለ ይቆጥረዋል።

ሦስተኛው እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ነው። መምህርሽ ያዩትን አንቺ አታውቂውም። ጥያቄ ስትጠይቂ ክፍሉ እንዴት እንደሚሆን፣ ፈተና ስትወድቂ ምን ዓይነት ፊት ይዘሽ እንደመጣሽ፣ ጎንሽ የምትቀመጠውን ልጅ እንዴት እንደምታስረጃት ያዩት እሳቸው ናቸው። አንቺ ስለ ራስሽ ስትጽፊ ይሉኝታ ይይዝሽና «ታታሪ፣ ጎበዝ፣ ሰው አክባሪ» ብለሽ ታልፊዋለሽ። እኛ ስንባል ራሳችንን ማመስገን አልለመደብንም።

እንግዲህ ቋንቋው ከሆነ የከበዳቸው መፍትሔ አለው። ሂጂና እንዲህ በያቸው፦ «መምህር፣ እንግሊዝኛው አያስጨንቅዎ። በአማርኛ ቢጽፉልኝ ወይም በቴሌግራም ድምፅ ቢቀርጹት ይበቃል።» ሰው ሲጽፍ ይደርቃል፣ ሲያወራ ግን ይከፈታል። አምስት ደቂቃ ካወሩ ከበቂ በላይ ነው። ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ሰው ይሁን፤ ለምሳሌ የእንግሊዝኛ መምህሩ። የፊዚክስ መምህርሽ አንብበው ይህ የእኔ ቃል ነው ሲሉ ይፈርማሉ። ማመልከቻው የተረጋገጠ ትርጉም የሚጠይቅ ከሆነ ፈቃድ ያለው የትርጉም ቤት ይሠራዋል፤ ዋናው የአማርኛ ጽሑፍ አብሮ ይያያዛል። ማህተም ቁም ነገር የሚሆነው ምናልባት እዚህች ጋ ብቻ ነው። ላይብረሪ ሠራተኛዋም እንዲሁ። በነገራችን ላይ አጭርና ቀላል እንግሊዝኛ ያለ ሐፍረት ይላክ። ኮሚቴው የሚፈትነው የአንቺን መምህር ሰዋስው አይደለም።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህ ላይ ሲወድቁ አይቻለሁ። እኛ ሴት ልጅን ስናመሰግን «ጨዋ ናት፣ ታዛዥ ናት፣ አንገቷን ደፍታ የምትማር ናት» እንላለን። ትልቅ ሙገሳ ነው፤ ሰርግ ላይም ልቅሶ ላይም ይባላል። የመሪነት ስኮላርሺፕ የሚያነብ ሰው ግን «ታዛዥ» የሚለውን ሲያይ «የተባለችውን የምታደርግ፣ ራሷ የማትጀምር» ብሎ ይተረጉመዋል። አንገቷን ደፍታ? ታዲያ ማንን መራች? አንዲት ልጅ ሙሉ ገጽ ሲያሞግሷት ውለው ሳያውቁት ከውድድር አስወጧት። የጻፉት መምህሯ ቢሰሙ ያለቅሱ ነበር።

መምህርሽን እንዲህ ጻፉ ማለት አትችይም። ቅጹ የሚጠይቀውን ግን ማሳየት ትችያለሽ። «መሪነት» ሲሉ ክፍል አለቃ መሆንን አይደለም የሚፈልጉት። አንድ ነገር ሲጎድል አይታ፣ ማንም ሳይልካት ተነስታ፣ ሌሎችን አስተባብራ የለወጠች ልጅ ነው የሚፈልጉት። ሥልጣን ሳይኖራት ብትሠራው ደግሞ ይበልጥ ይወዱታል። «አገልግሎት» ሲሉም የአንድ ቀን ዘመቻ አይደለም። ችግኝ ተክለሽ ፎቶ መነሳትሽ ጥሩ ነው፤ በየሳምንቱ ለሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ መገኘትሽ ግን ከዚያ ይበልጣል። የምስክር ወረቀት ክምርም ደብዳቤ አይተካም።

በጥያቄሽ ውስጥ እንደዋዛ ያለፍሻት ነገር አለች፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ልጆቹ ሲቀሩባችሁ ወደ እሑድ ማዞራችሁ። ወርቁ እሱ ነው! ልጆቹ ሰነፎች ናቸው ብለሽ አልተውሽም። የት እንደሚሄዱ ጠየቅሽ፤ ከእናታቸው ጋር ገበያ እንደሚውሉ አወቅሽ፤ ቀኑን ቀየርሽ። ይህን አንቺ በድርሰትሽ ብትጽፊው አንድ ነገር ነው። ሴትየዋ «እሑድ ዕረፍቴ ነበር፤ ይህቺ ልጅ መጥታ ለመነችኝና ቁልፉን ይዤ መምጣት ጀመርኩ» ብላ ስትጽፈው ደግሞ ሌላ ነው። መቼስ ሰው በዕረፍት ቀኑ ቁልፍ ይዞ የሚመጣው ለማንም አይደለም። የሆነው ልክ እንዲህ መሆን አለመሆኑን እሷ ታውቃለች፤ የሆነውን ትጻፍ።

ለዚህ እንዲረዳ ለሁለቱም አንድ አንድ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጂ። ይሄ ደብዳቤ መጻፍ አይደለም፤ ማስታወስ ነው። መቼ እንደጀመራችሁ፣ ስንት ልጆች እንደመጡ፣ ስንቱ እንደቀሩ፣ ምን እንደከሸፈ፣ ከእነሱ ጋር የተገናኛችሁባቸው ሁለት ሦስት ክስተቶች፣ ስኮላርሺፑ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች፣ የመጨረሻው ቀን። «ታታሪ ነኝ» የሚል ቃል ውስጡ አይግባ። የከሸፈውን አትደብቂ፤ አንድ ጎዶሎ የሌለበትን ደብዳቤ ማንም አያምነውም። የሁለቱ ማስታወሻ ደግሞ አንድ አይሁን። መምህሩ ስለ አእምሮሽና ስለ ትምህርትሽ፣ እሷ ስለ ሥራሽ። ሁለቱም የእሑዱን ታሪክ ከነገሩ አንድ ደብዳቤ አባከንሽ ማለት ነው።

«ያው ከላኩ በኋላ አንብቤው ባየው» የምትይ ከሆነ፣ ባታይው ይሻላል። ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ዩኒቨርሲቲ በሚመለከትበት ድረ ገጽ) የሚያመለክቱ ልጆች ይህን በግልጽ ይጠየቃሉ፤ በ1974 የወጣው የአገሪቱ ሕግ የሚሰጠውን ደብዳቤውን የማየት መብት ትተዋለህ ወይ ተብሎ። ተዉት ነው ምክሬ። ያልታየ ደብዳቤ ይታመናል። ጸሐፊውም ቢሆን ቁጭ ብሎ የልቡን የሚጽፈው አንቺ እንደማታይው ሲያውቅ ነው።

ሁሉም ዕድል አንድ ዓይነት ደብዳቤ አይጠይቅም። በ2012 የተጀመረው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ ፕሮግራም ማመልከቻ የሚቀበለው በአጋር ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነው፤ አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም አጋር ናቸው። የደብዳቤው ቁጥርና ዓይነት እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሆነው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ ሁለት ሪኮመንዴሽን የሚፈልገው ለቃለ መጠይቅ ካለፍሽ በኋላ ነው፤ ሲጀመር አይጠይቅም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ላሉ የእኛ ሰዎች ልጆች ደግሞ በየዓመቱ ለ150 ተማሪዎች ሃያ ሃያ ሺህ ዶላር የሚሰጠው የኮካ ኮላ ስኮላርሺፕ ደብዳቤ የሚፈልገው ግማሽ ፍጻሜ ሲደረስ ነው። ከጓደኛሽ የሰማሽው መመሪያ የጓደኛሽ ነው። የራስሽን አንብቢ።

አሁን ወደ ጥቃቅኗ ነገር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን በእሷ ነው።

ቀን። መምህርሽ ደብዳቤው ላይ «12/03/2018» ብለው ቢጽፉ ለእኛ ኅዳር 12 ነው። አውሮፓዊው ማርች 12 ብሎ ያነበዋል፣ አሜሪካዊው ዲሴምበር 3። ለሁለቱም ደግሞ ዓመታት ያለፉበት አሮጌ ደብዳቤ ነው። ወሩ በቃል ይጻፍ፣ ዘመኑም የፈረንጆቹ ይሁን፦ ኖቬምበር 21 ቀን 2025። ደብዳቤው ውስጥ «ከ2016 ጀምሮ አውቃታለሁ» የሚል ካለም ይቀየር።

ሰዓት። «በግሪንዊች ሰዓት 23:59 ይዘጋል» ካለ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8:59 ነው፤ ቀኑም ተቀይሯል። እሱን አታስቢው፤ ለጸሐፊዎችሽ ከመዝጊያው አምስት ቀን ቀድሞ ያለውን ቀን ስጪያቸው። የመብራቱንና የኔትወርኩን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስም። በላቲን ፊደል ስንጽፍ ፀሐይ የሚባለው ስም ብቻውን ሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው። ፓስፖርት ካለሽ እንደ ፓስፖርቱ፣ ከሌለሽ እንደ ትምህርት ማስረጃሽ፤ ደብዳቤውም ቅጹም አንድ ይሁን። የአያት ስምሽም ይግባ፤ ፈረንጆቹ የሚፈልጉሽ በእሱ ነው።

ተውላጠ ስም። ለወንድ ተማሪ የተጻፈን አሮጌ ፋይል ቀይሮ መላክ የተለመደ ነው። አንድ ደብዳቤ ላይ ልጅቷ እስከ ሁለተኛው አንቀጽ ሴት ነበረች፣ ሦስተኛው ላይ ወንድ ሆነች፣ ፊርማው ጋ ሲደርስ ደግሞ የሌላ ልጅ ስም ወጣ። ይህን የእንግሊዝኛ መምህሩ ይዩላችሁ።

ኢሜይል። ቅጹ ላይ የመምህሩን አድራሻ ከመሙላትሽ በፊት መልእክት ልከሽ መልስ ጠብቂ። ብዙ መምህራን ያላቸው ኢሜይል የዛሬ ስንት ዓመት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ የተከፈተ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ማንም አያስታውሰውም። አዲስ የሚከፍቱ ከሆነ በራሳቸው ስልክ ይክፈቱ። አንቺ ከፍተሽ፣ በአንቺ ስልክ ገብተሽ ደብዳቤ እንዳትልኪላቸው፤ እሱ ማጭበርበር ነው። ሊንኩ አልመጣም ካሉሽ ስፓም ውስጥ ይፈልጉት። ሲጨርሱ «ሴቭ» ብለው የሚተዉት አሉ፤ «ሰብሚት» መባሉን ጠይቂ።

የትምህርት ቤቱ ራስጌ ያለው ወረቀትና ስልክ ቁጥር ቢኖር ጥሩ ነው። ማህተም ቢመታበት አይጎዳም፣ ቢቀርም ምንም አይጎድልሽ።

በቴሌግራም «ሪኮመንዴሽን እንጽፋለን፣ ፕሮሰስ እናደርጋለን» እያሉ ብር የሚቀበሉ አሉ። አንድ ብር እንዳትሰጪ። የማስተርካርድ ዓይነቱ ፕሮግራም ለማመልከት ክፍያ የለውም፤ ለደብዳቤ ጽሑፍ የሚከፈል ደግሞ የትም የለም። ከትርጉም ቤት በቀር።

ደብዳቤ የማይሠራውንም ልንገርሽ። ዝቅተኛ ውጤትን አያነሳም፣ ያልተሟላ ቅጽን አያድንም። የሚጠቅመው ሁለት ተመሳሳይ ልጆች ቀርተው ኮሚቴው ሲያመነታ ነው።

እንግዲህ 19 ቀንሽ። ዛሬና ነገ ማስታወሻዎቹን ጻፊ። ከነገ ወዲያ መምህርሽንም ሴትየዋንም በአካል ሄደሽ አነጋግሪ፤ በስልክ አይሁን። «ጥሩ ነገር ሊጽፉልኝ ይችላሉ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ለእምቢታም በር ክፈቺላቸው። መምህርሽ አሁንም «ብቻ ጽፈሽ አምጪ» ካሉ አመስግነሽ ውጪ፣ በዚያው ቀን ሌላ መምህር ጋ ሂጂ። ከፊዚክስ ማርክሽ ይልቅ አንቺን የሚያውቅ የባዮሎጂ ወይም የአማርኛ መምህር ይሻልሻል። በ10ኛው ቀን አንድ ጊዜ አስታውሺ፣ በ14ኛው ደብዳቤዎቹ መላካቸውን አረጋግጪ። የወረዳው ኃላፊ ደብዳቤ ቢመጣም አታያይዢው፤ ሁለት ለጠየቀ ሦስተኛ አይላክም። አጎትሽ እንዳይከፋው ለትርጉሙ የሚከፈለውን እንዲችልልሽ ጠይቂው፤ እሱም ይረዳሻል፣ አንቺም ይሉኝታ አይይዝሽም።